ሠርቻለሁ እንጂ አልበላሁም

የጸሎት ቤታችን ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ምርጫ ካልነው ነው እንግዲህ፤ በመንደሩ አማርኛ አጥርቶ የሚያነብና የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ወላይታ ሶዶ ሄጄ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ያን ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ዛሬ ዶክተር ነኝ ብሎ ከሚንጠባረረው የሚያንስ እንዳይመስላችሁ። ደረት ኪሴ ላይ እስክሪብቶ ሳልሰካ ከቤት አልወጣም፤ እርሻ ስሄድ እንኳ። ቀለሙ ፈስሶ ሸሚዜን ሲያበላሸው ሰው ያየዋል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ፤ አስቀድማችሁ እወቁት ብዬ ነው።

መንደራችን ከሶዶ ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን ተኪዶ ነው የሚገኘው። ጸሎት ቤቱን አባቶቻችን በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ይቀመጣሉ፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ማንም ወዶ የማይቀመጥባት አንዲት አግዳሚ ነበረች። በተግሣጽ ሥር ያለ ሰው የሚቀመጠው እዚያች ላይ ነው። ደንብ ጥሶ የተገኘ እንደ ጥፋቱ አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ከኅብረት ይለያል። የጌታን እራት አይወስድም። ሌላው አማኝ ደግሞ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም፣ የቤቱንም ምግብ አይቀምስም። ሰላምታ ይሰጡታል፣ ቢታመም ይጠይቁታል፣ ምግብ ግን የለም። ይህ ሁሉ በደብተር ተጽፎ ነበር፤ ደብተሩም የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነበር።

ደንቡን ያወጡትን ሰዎች ዛሬ ተነሥቼ ላማቸው አልፈልግም። እነሱ ያዩትን እኔ አላየሁም። የለቅሶውን ነገር ብቻ ብነግራችሁ፣ ድሮ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሳምንት ይዘልቅ ነበር። ሴቶች ፊታቸውን ይነጫሉ፣ ለለቀስተኛው ከብት ይታረዳል፣ ጠንቋዩ መጥቶ የገደለው እገሌ ነው ይልና ሌላ ደም ያቃባል። ለቅሶው ሲበተን ለሟች ልጆች የምትተርፍ አንዲት ላም አትኖርም። ስለዚህ አባቶች አማኝ በመዝሙር ይቀብራል፣ ሙሾ አያወርድም፣ ደረት አይደቃም ብለው ቆረጡ። ደግ አደረጉ። ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ ደንቡ ገፍቼ እኔ እንዳላመልጥ ነው።

እህቴ በዐሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። አኝካ ያጎረሰችኝ እሷ፣ ስታመም ሌሊቱን በጀርባዋ አዝላኝ ስትዞር ያደረች እሷ። ስታገባ አራት ዓመቴ ነበርና እኔንም አዝላ ነው ባሏ ቤት የገባችው፤ ሙሽራዪቱ ከነልጇ መጣች ብለው ሲስቁባት ኖረዋል። ባሏ ግን አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። ዝምተኛ ሰው ነበር። ከልጆቹ አልለየኝም፣ ዕድሜዬ ሲደርስ ሶዶ ልኮ ያስተማረኝም እሱ ነው። የምኮራበትን ትምህርት ያገኘሁት ከዚያ ቤት ጓዳ ነው እንግዲህ።

የዚያ ቤት ክዳን አርጅቶ ነበር። እህቴ ሦስት ልጆች አሏት፣ የመጨረሻዋ ገና ጡት አልጣለችም። ባሏ በዚያ በጋ ሊከድነው ቆርጦ ተነሣ። ማገሩን ቆረጠ፣ ቀርከሃውን ሰነጠቀ፣ ሣሩን አጭዶ ከእንሰቱ ጀርባ ከመረ። የጸሎት ቤቱ ወንዶች በየካቲት ሁለተኛ ቅዳሜ መጥተው ሊከድኑለት ቃል ገቡ። ይህ የኛ ልማድ ነው፤ አንድ ቤት በአንድ ቀን ይከደናል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሠራተኛውን ያበላል። ቅዳሜው ሳይደርስ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ሰውዬው ትኩሳት ያዘው። አራት ቀን ብቻ ነው የታመመው። ሶዶ ሐኪም ቤት ልናደርሰው ቃሬዛ ላይ አስተኝተን ስናነሣው እደጃፉ ላይ አረፈ።

በቀብሩ ቀን እህቴ መጀመሪያ ላይ እንደ ደንቡ ነበረች። ሕፃኗን ታቅፋ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትዘምራለች፣ ድምፅ ግን የላትም። እኔ አጠገቧ ቆሜ አጥብቄ እዘምራለሁ። ከዚያ የሟች እናት ከቆላው በኩል ከዘመዶቿ ጋር መጣች። አማኝ አይደለችም፤ ያረጀች፣ ወገቧ የጎበጠ ሴት ናት። ልጇን በስሙ እየጠራች ሙሾዋን እያወረደች ገባች። ምን ብላ እንዳለቀሰች አልነግራችሁም፣ ዛሬም አልችለውም። እህቴ ሕፃኗን ለጎረቤቷ ሰጠችና ተነሣች። ሻሿን ከራሷ ላይ ጥላ አማቷን አቀፈቻት። ሁለቱም ደረታቸውን እየደቁ፣ አንዷ ልጄ አንዷ ጌታዬ እያሉ፣ አፈሩ ላይ ወደቁ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? አብሬ ያለቀስኩ? ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ምስክርነትሽን አታበላሺ፣ ሰው እያየ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ የምታውቀኝ አትመስልም ነበር። ከዚያ ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች፣ እስኪቀበርም አላቋረጠችም። በዚያን ሰዓት ልቤን የያዘው የአሳዳጊዬ መሞት አልነበረም። የጸሐፊው እህት ደረት ደቃች መባሉ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በዋለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ነገሩን ያነሣ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ማንም አላነሣውም። ሰብሳቢው ስለ ጸሎት ቤቱ አጥር ሲናገሩ ቆይተው ሊዘጉ ሲሉ እኔ እጄን አወጣሁ። ደብተሩን ገለጥኩና አንቀጹን አነበብኩላቸው። ባለፈው ዓመት ልጇ ሞቶባት ሙሾ ያወረደችን ሴት ሦስት ወር ለይተናታል፣ የእኔን እህት ብናልፋት ሕዝቡ ምን ይለናል አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንድ አዛውንት ነበሩ። ፊደል አይቆጥሩም። በጣሊያን ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረው የተገረፉ፣ በጌታ እራት ዕለት እንጀራውን ለሕዝቡ የሚያዞሩ፣ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ልጄ፣ ባሏ እኮ ነው የሞተው አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ መለስኩላቸው መሰላችሁ፣ አባቴ፣ ደንቡ ባል ሲሞት ይቀራል አይልም አልኳቸው። እንዴት ያለች ጥሩ መልስ! ያን ጊዜ እንዲያ ነበር የመሰለችኝ። ሌሎቹ ተያዩ። ሰብሳቢው በመጨረሻ ወንድማችን ለሥጋ ዝምድናው አላዳላም፣ እኛም ማዳላት አይገባንም አሉና ሦስት ወር ተወሰነ። ያቺን ምስጋና ይዤ ቤቴ ስገባ እያፏጨሁ ነበር። አፈር ልብላ፣ እያፏጨሁ ነበር።

በየካቲት የመጀመሪያ እሑድ ውሳኔውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩትን ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እህቴ አልተከራከረችም። ሕፃኗን አንሥታ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ትንሹ ልጇ ለምን እዚህ ተቀመጥን ብሎ ጮክ ብሎ ሲጠይቃት ሁላችንም ሰማነው።

ይህን ያህል ጣጣ እንደሚከተል አላሰብኩም ነበር ብል ማን ያምነኛል። ግን እውነቴን ነው፣ የክዳኑን ነገር አላሰብኩትም። ቅዳሜው ሲደርስ ወንዶቹ ተሰብስበው ተመካከሩ። ሊሠሩላት ፈቃደኞች ናቸው። ግን ቤት የሚከድን ሰው የባለቤቱን ምግብ ይበላል፣ የእሷን ምግብ ደግሞ መብላት አይቻልም። ሳይበሉ መሥራትም በኛ አገር ስድብ ነው፤ ቤትሽ የሚበላ የለም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ምን ተባለ? ሦስት ወሯን ጨርሳ እስክትመለስ ይቆይ ተባለ። ሦስት ወሩ የሚያልቀው ግንቦት ሲገባ ነው። የበልጉ ዝናብ ደግሞ መጋቢት ሲደርስ ቆይ ቢሉት የሚቆይ አይደለም። ይህን ሁሉም ገበሬ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

አማኝ ያልሆኑት የሟች ወንድሞች ሰሙ። ቦርዴ ጥመቂና በአንድ ቀን ከድነንልሽ እንሂድ አሏት። እነሱ ያለ ቦርዴ ሥራ አይዙም። ቦርዴ ግን የሚያሰክር መጠጥ ነው፤ ጠምቃ ብታጠጣ ሌላ ደንብ ጣሰች፣ ያ ደግሞ ዓመት ነው። እህቴ ልትጠይቀኝ ቤቴ ድረስ መጣች። ባለቤቴ በርጩማ አወጣችላት፣ አልተቀመጠችም። ልጅ እንዳዘለች ቆማ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ መጽሐፉን ታውቃለህ። ልጠምቅ ወይስ ልጆቼን ዝናብ ይምታቸው? የምትለኝን አደርጋለሁ።»

የምትለኝን አደርጋለሁ። ያን ቀን ባንቺ ሞት፣ ነገ እኔ ራሴ ወጥቼ እከድነዋለሁ ማለት ያቅተኝ ነበር? ምላሴን ማን ይዞት ነው? ታገሺ፣ ጸልዪ፣ እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። እሺ ብላ ሄደች፣ ቦርዴም አልጠመቀችም። ባለቤቴ በርጩማውን እያነሣች አንተ ሰው ነህ አለችኝ። ጥያቄ ይሁን ስድብ አልጠየቅኋትም።

ዝናቡ መጋቢት ሲገባ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን በእህቴ ቤት ምድጃው ጠፋ። ልጆቹን ላሟ ወደምታድርበት ጥግ አዛወረቻቸው፤ የማያፈስ እዚያ ብቻ ነበር። ከእንሰቱ ጀርባ የተከመረው ሣር ከሥሩ መበስበስ ጀመረ። ሕፃኗ ሳል ያዛት። ይህን ሁሉ የምሰማው ከባለቤቴ ነው፤ እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። ወደ ገበያ የሚያወጣኝ አቋራጭ በእህቴ ደጅ ነበርና በወንዙ በኩል ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ማን ተሳደደ ቢባል እኔ ነኝ የተሳደድኩት።

አዛውንቱ በሽማግሌዎች ስብሰባ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነሡት። ሁለቱንም ጊዜ ደብተሬን ገለጥኩ። ሦስተኛ አላነሡትም። የሁለተኛው ስብሰባ ማግሥት ቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጧት አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ አዛውንቱ ከእህትህ ቤት ጣሪያ ላይ ናቸው አለኝ። በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል አቁመው ወጥተው አሮጌውን ክዳን ብቻቸውን ይገፍፉታል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ማጭዱንና ገመዱን እየያዘ እየሄደ ነው።

ተቀምጬ አሰብኩ። ብቀር ወንድም አይደለም፣ አውሬ ነው እባላለሁ። ብሄድና ብበላ ደግሞ ደንብ አፈረስኩ፣ ደብተር ያዡ ራሴ ነኝ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በጣም ብልህ ሐሳብ። እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ አልበላም። የራሴን ምሳ ይዤ እሄዳለሁ። በአንድ ወገን ምሕረት አደረግሁ፣ በሌላው ደንቡን ጠበቅሁ። ባለቤቴን ጎደሬ ቅቀይልኝና በኮባ ጠቅልዪልኝ አልኳት።

«ስንቅ ይዘህ የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

«እህቴ ቤት።»

ቀቀለችልኝ። ኮባውን ስታስር ግን እጇ እንዲያ ሲያጠብቀው አይቼ አላውቅም።

ስደርስ ዘጠኝ ወንዶች ሥራ ላይ ነበሩ፣ አዛውንቱን ጨምሮ። እህቴ ስታየኝ ፊቷ በራ። ይህን ባላየሁ እመርጥ ነበር። መጣህ ብቻ ነው ያለችኝ፤ ሮጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሣሩን በእስር በእስር እያደረግሁ ወደ ላይ ስወረውር፣ ከላይ ያሉት ይቀበሉና በቃጫ ገመድ ከማገሩ ጋር ያጠብቁታል። የበሰበሰውን ለይተን ጣልን፤ የቀረው በቃ። ሳቅና ጨዋታ ነበር። እኔም ስቄአለሁ። ላቤን እየጠረግሁ አየህ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው እያልኩ በልቤ ራሴን አመሰግን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ እህቴ ምሳ አወጣች። ሙቿ ሠርታለች፣ ቆጮው በቅቤ ታሽቶ ሲያዩት የሚያስጎመጅ፤ ጎመን፣ ዳጣ፣ በቅል አሬራ። ቦርዴ የለም። ቅቤውን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ የነበራት አንድ ላም ናት። በኮባ ላይ ዘርግታ አቀረበችና ራቅ ብላ ቆመች። ወንዶቹ ከጣሪያው ወረዱ። ወረዱና ቆሙ። አንዱ እጁን ይጠርጋል፣ አንዱ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ወደ ገበታው የሚጠጋ የለም። እህቴ መሬት መሬት ታያለች።

አዛውንቱ መጨረሻ ወረዱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ከገበታው ተቀመጡ፣ ቀና ብለው አዩን።

«እኔ ርቦኛል» አሉ። «እናንተስ?»

ጸለዩና ቆረሱ። ከዚያ አንዱ ተቀመጠ፣ ሌላው ተቀመጠ፣ ስምንቱም ተቀመጡ። እህቴ አሬራውን እየቀዳች ታዞር ጀመር። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ጀርባ ዞርኩ። አልተመለስኩም። ከእንሰቶቹ መካከል ተቀምጬ ኮባዬን ፈታሁና ጎደሬዬን መብላት ጀመርኩ። ከፊት ለፊት ድምፃቸው ይሰማኛል፤ አንዱ ቅቤው ነፍስ ይዘራል ሲል ሌሎቹ ይስቃሉ።

እህቴ ተጨማሪ ኮባ ልትቆርጥ ቢላዋዋን ይዛ መጣች። አፌ ሙሉ ነበር። ቆመች። እኔን አየች፣ ጭኔ ላይ ያለውን ጎደሬ አየች፣ ኮባው የታሰረበትን ልጥ አየች። ከቤት ታስሮ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። አጠገቤ ካለው እንሰት አንድ ቅጠል ቆርጣ ተመለሰች። ከዚያ ተነሥቼ እስከ ማታ ሠራሁ፣ ከሁሉ በላይ ሠራሁ፤ ቤቱም ተከደነ።

በማግሥቱ እሑድ አዛውንቱ ስብከቱ ሳይጀመር ተነሡ።

«ትናንት ከእህታችን ቤት በልቻለሁ። ጸሐፊው ይጻፈኝ» አሉና ተቀመጡ።

ስምንቱም አንድ በአንድ ተነሡ፤ እኔም፣ እኔም እያሉ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። አንተም ነበርክ ይባላል አሉኝ። ጸሎት ቤቱ በሙሉ እኔን ያያል። ያኔ እንኳ ዕድል ነበረኝ። አንድ ቃል ዋሽቼ በላሁ ብል እግዚአብሔር ይቆጣኝ ነበር ብዬ አላምንም። እኔ ግን ተነሣሁና ጥርት ባለ ድምፅ «ሠርቻለሁ እንጂ አልበላሁም» አልኩ። ከሴቶች በኩል አንዲት ከንፈሯን ስትመጥ ተሰማ። ሰብሳቢው ወንድማችን ሁለቱንም ጠብቋል አሉ። ዘጠኝ ስም አጥርቼ ጻፍኩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ወር ተፈረደባቸው።

የሚያዝያ የጌታ እራት ሲደርስ እንጀራውን የሚያዞር ሰው ጠፋ። አዛውንቱ ተግሣጽ ላይ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ከወጣቶቹ ነቀፋ የሌለበት ይሁን አሉና ማንን መረጡ? እኔን። ሳህኑን ይዤ ከፊት ጀምሬ አዞርኩ። በሩ አጠገብ ስደርስ በዚያች አግዳሚ ላይ መቀመጫ አልበቃ ብሎ መሬት የተቀመጡም ነበሩ። አዛውንቱና እህቴ ጎን ለጎን ናቸው። የእህቴን ሕፃን አዛውንቱ ታቅፈዋታል፤ ሳሏ ለቋት ጢማቸውን ይዛ ትጎትታለች። ደንቡ እነሱን አልፌ እንድሄድ ነውና ሳህኑን ከፊታቸው ከፍ አድርጌ አለፍኩ። እህቴ እንጀራውን አላየችም። ሳህኑን የያዘውን እጄን ነበር የምታየው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል፤ ስንት ዓመት አልፎት፣ ሽማግሌ ሆኜ፣ ዛሬም ይቃጠላል።

በግንቦት የመጀመሪያ እሑድ ሦስት ወሯ አለቀ። ይቅርታ የምትጠይቅበትን ቃል የጻፍኩላት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለ። ቆማ እኔ የምላትን እየተከተለች ደገመችው። በባሌ ለቅሶ ሙሾ አውርጃለሁ፣ ደረት ደቅቻለሁ፣ በድያለሁ አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። ሽማግሌዎቹ እጇን ጨበጡ፤ እኔም ጨበጥኳት። ሴቶቹ እልል አሉላትና ከመካከላቸው አስቀመጧት።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በቃ፣ ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ፣ ተዘጋ ብዬ አሰብኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ፣ በአቋራጩ። አዲሱ ክዳን ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ደረቅ ነው። ልጆቹ ላዬ ላይ ወጡ። እንደ ድሮው ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እንደ ድሮው ምግብ ጠበቅሁ።

እህቴ ገበታውን አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። ሙቿ ነበር፣ በቅቤ የታሸ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና፣ ሳትቆጣ፣ የቤት ወሬ እንደምታወራ ሆና ተናገረች።

«ቤቱ የተከደነ ዕለት ድርሻህን ከድኜ አስቀምጬልህ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ተመልሶ ይጠይቀኛል ብዬ። ሦስት ቀን አቆየሁት። ሲሻግት ልጆቹ ሳያዩ አውጥቼ ጣልኩት።»

ይቅር በይኝ የሚለውን ቃል በሁለት ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ ለሌላው ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዱም አልወጣልኝም።

«ዛሬ እንግዲህ ተፈቅዷል» አለችኝ። «ብላ።»

በላሁ። እያየችኝ ሁሉንም በላሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ ከቤቷ ብዙ ጊዜ ተመግቤአለሁ፤ እሷም ፊት ነስታኝ አታውቅም፣ እኔም አልቀረሁም። የሰጠችኝን እበላለሁ፤ ጨምሪልኝ ማለት ግን አንድ ቀን አልደፈርኩም።